የ850 ናኖሜትር ኳንተም ዌል ሌዘር፦ ንድፉን ከጉድጓዱ አትጀምር

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በጋሊየም አርሰናይድ ኳንተም ዌል ሌዘር ላይ ነው። 850 ናኖሜትር ላይ እንዲያበራ ብዬ በመማሪያ መጽሐፉ ቀመር ስሠራው የጉድጓዱ ውፍረት ወደ 14 ናኖሜትር ወጣልኝ። የታተሙ ጥናቶች ላይ ግን 10 ናኖሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው የማየው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ደግሞስ ሌዘሩ በእውን ሲሠራ ከወረቀት እስከ ቺፕ ያለው መንገድ ምን ይመስላል? እኛ ጋ መሥሪያ ላብራቶሪ ስለሌለ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።»

ወንድሜ፣ አልጀብራህ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ የመረጥከው ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ የምንለው ኳንተም ዌሉን፣ ኤሌክትሮኑ የሚታሰርበትን ስስ ንጣፍ ነው። የመጽሐፉ ቀመር ግድግዳው ማለቂያ የሌለው ከፍታ አለው ብሎ ነው የሚነሳው። ኤሌክትሮኑ ግድግዳው ውስጥ ቅንጣት ታህል አይገባም ይላል። ለመጀመሪያ ትምህርት ጥሩ ነው። ሌዘር ለመሥራት ግን አይበቃም።

እውነተኛውን ጉድጓድ እንየው። ግራና ቀኝ አሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ አለ። መሀል ላይ ስስ ጋሊየም አርሰናይድ አለ። የጋሊየም አርሰናይድ የኃይል ክፍተት (ኤሌክትሮን ከታሰረበት ተላቅቆ ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ትንሹ ጉልበት) በክፍል ሙቀት 1.424 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ከጋሊየሙ 30 በመቶውን በአሉሚኒየም ስትተካ ክፍተቱ ወደ 1.80 ያድጋል። ልዩነቱ 0.37 ገደማ ነው። ይህን ልዩነት ኤሌክትሮኑና ሆሉ (ኤሌክትሮን ሲለቅ የሚቀረው ባዶ ቦታ፣ እንደ አዎንታዊ ቅንጣት የሚንቀሳቀስ) ይካፈሉታል። 65 በመቶ ያህሉ ለኤሌክትሮኑ ይደርሳል፣ የቀረው ለሆሉ። ስለዚህ ኤሌክትሮኑ ፊት የቆመው ግድግዳ 0.24 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። ዝቅ ያለ አጥር በለው። የኤሌክትሮኑ ሞገድ አጥሩን አልፎ አንድ ሁለት ናኖሜትር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሞገዱ ሰፋ ብሎ ስለተኛ ጉልበቱ ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንሥራው። 10 ናኖሜትር ጉድጓድ ውሰድ። በመጽሐፉ ቀመር የኤሌክትሮኑ የመጀመሪያ ደረጃ ከጉድጓዱ ወለል 56 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የግድግዳውን ከፍታ አስገባ። ኤሌክትሮኑ ግድግዳው ውስጥ ሲሆን ውጤታማ ክብደቱ ከነፃ ኤሌክትሮን ክብደት አንጻር ከ0.067 ወደ 0.092 እንደሚጨምርም አትርሳ። እንዲህ አድርገህ ስትፈታው 56 የነበረው 30 ገደማ ይሆናል። ለከባዱ ሆል ደግሞ 7 ያህል ይመጣል። ሁለቱን ከ1.424 ጋር ስትደምር 1.461 ኤሌክትሮን ቮልት ታገኛለህ። ኤሌክትሮን ቮልትን ወደ ማይክሮሜትር የሚቀይረውን 1.24ን በዚህ ቁጥር ስታካፍል 0.849 ማይክሮሜትር ይወጣል፣ 849 ናኖሜትር ማለት ነው። ጥናቶቹ 10 የሚሉት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። 65 በመቶ የሚለው ቁጥር ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ1974 በአሜሪካው የምርምር ተቋም ቤል ላብስ ውስጥ ዲንግል፣ ቪግማንና ሄንሪ የኳንተም ጉድጓድን ደረጃዎች በመጀመሪያ ሲለኩ ለኤሌክትሮኑ የሰጡት 85 በመቶ አካባቢ ነበር። ሁሉም ሰው ለዓመታት ያንን ቁጥር ተጠቀመ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ የተሻሉ ልኬቶች መጡና ወደ 60 እና 65 አወረዱት። ከዚያ በፊት የታተመ ጽሑፍ ይዘህ እየሠራህ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ቁጥር ፈልገህ አጣራ።

ሌላም አለ። 849 ያልኩህ ባዶና በክፍል ሙቀት ላይ ያለ ጉድጓድ ሲሆን ነው። ሌዘሩ ሲሠራ ጉድጓዱ በኤሌክትሮንና በሆል ይጨናነቃል። መጨናነቁ ራሱ የኃይል ክፍተቱን ትንሽ ያጠበዋል። ቺፑም ይሞቃል። የጋሊየም አርሰናይድ ሌዘር በአንድ ዲግሪ 0.26 ናኖሜትር ያህል ወደ ረጅም ሞገድ ይሄዳል። 40 ዲግሪ ከሞቀ 10 ናኖሜትር ተንሸራተተ ማለት ነው። ስለዚህ በሥራ ላይ 850 የሚፈልግ ሰው ስሌቱ ላይ ከ850 አጠር ያለ ሞገድ ያልማል፣ ጉድጓዱንም ከ10 ትንሽ ያሳንሳል።

የመጀመሪያው ጥያቄህ እዚህ አለቀ። ሁለተኛው ይበልጣል። ከልቤ ልነግርህ የምፈልገው ነገርም እዚያ ነው ያለው። አብዛኛው ተማሪ ንድፉን ከጉድጓዱ ይጀምራል፣ ምክንያቱም የሚያምረው ኳንተም ሜካኒክስ እዚያ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የጀመርኩት። ሌዘር የሚነደፈው ግን ከመስታወቶቹ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ በየት በየት እንደሚባክን ትቆጥራለህ። ከዚያ ያንን ብክነት የሚሸፍን ጉድጓድ ትመርጣለህ።

እንዲህ አስበው። ሌዘሩ አንድ ቀጭን የክሪስታል ዘንግ ነው። ሁለቱ ጫፎቹ መስታወት ናቸው። ማንም መስታወት አላጣበቀበትም። የጋሊየም አርሰናይድ የብርሃን ማጠፊያ ቁጥር 3.5 ገደማ ነው፣ የአየር ደግሞ 1። በዚህ ልዩነት ብቻ የተሰበረው ጠርዝ 30 በመቶ ያህሉን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል። 70 በመቶው ይወጣል። ያ የወጣው ብርሃን የምትፈልገው ምርት ነው። ሌዘሩ ግን እንደ ብክነት ነው የሚቆጥረው። በእያንዳንዱ ጉዞ የወጣውን መተካት አለበት።

ርዝመቱ 500 ማይክሮሜትር ይሁን። የመስታወቱ ብክነት የ1 ሲካፈል ለ0.3 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ሲካፈል ለርዝመቱ ነው። ሎጋሪዝሙ 1.2፣ ርዝመቱ 0.05 ሴንቲሜትር፣ ውጤቱ በሴንቲሜትር 24። ክሪስታሉ ውስጥ የሚበተነውና የሚዋጠው 5 ይሁን። ጠቅላላ 29 ሆነ። ይህን 29 የሚሸፍነው ጌይን፣ ማለትም የብርሃን ማጉላት፣ ከጉድጓዱ መምጣት አለበት።

አሁን ችግሩን ተመልከት። ጉድጓዱ 10 ናኖሜትር ነው። ብርሃኑ ግን በ10 ናኖሜትር ውስጥ አይገባም። የብርሃኑ ሞድ፣ ማለትም ብርሃኑ በንጣፎቹ ላይ የሚይዘው ቅርጽ፣ በመቶዎች ናኖሜትር ይሰፋል። ከብርሃኑ ጉድጓዱን የሚነካው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለዚህ 29ኙን ለ0.03 ማካፈል አለብህ፤ በሴንቲሜትር 970 ገደማ ይመጣል። ለአንድ ጉድጓድ ይህ ከባድ ሸክም ነው። የኳንተም ዌል ጌይን መጀመሪያ በፍጥነት ያድጋል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል። ደረጃዎቹ ሲሞሉ ተጨማሪ ከረንት ብታፈስስም ጌይኑ ብዙም አይጨምርም። አብዝተህ ካስጨነቅከው ሁለተኛው ደረጃ መሙላት ይጀምራል፣ ሌዘሩም ካሰብከው ሞገድ በብዙ ያጠረ ሞገድ ላይ ሊነሳ ይችላል።

መፍትሄው ሁለት ነው። ወይ ዘንጉን ታረዝማለህ። ርዝመቱን 1 ሚሊሜትር ብታደርገው የመስታወቱ ብክነት ወደ 12 ይወርዳል፣ ከጉድጓዱ የምትፈልገው ጌይን ወደ 570። ወይም ሁለተኛ ጉድጓድ ትጨምራለህ። 500 ማይክሮሜትር ላይ ሁለት ጉድጓድ ካለ እያንዳንዱ 485 ገደማ ይሸከማል። ጉድጓድ መጨመር ነፃ አይደለም። እያንዳንዱን ጉድጓድ ግልጽ ለማድረግ፣ ማለትም ብርሃን መዋጡን እንዲያቆም ለማድረግ ብቻ፣ የራሱን ድርሻ ከረንት ይጠይቃል። ለረጅም ሌዘር አንድ ጉድጓድ፣ ለአጭር ሌዘር ሁለት ወይም ሦስት። እኔ ለመጀመሪያ ሥራ ሁልጊዜ አንድ ጉድጓድና 1 ሚሊሜትር እመርጣለሁ። ስህተት ሲመጣ የት እንዳለ ለመፈለግ ይቀላል።

3 በመቶው ራሱ ከየት መጣ? ብርሃኑን ለብቻ፣ ኤሌክትሮኑን ለብቻ ስለምናጥር ነው። በ1970 ሌኒንግራድ ባለው የዮፌ ኢንስቲትዩት የአልፌሮቭ ቡድን፣ ቤል ላብስ ውስጥ ደግሞ ሃያሺና ፓኒሽ በክፍል ሙቀት ሳይቆራረጥ የሚያበራ ሌዘር ሲያሳዩ አንዱ ንጣፍ ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር። ውፍረቱ በመቶዎች ናኖሜትር ስለነበር ብርሃኑንም ይይዛል፣ ኤሌክትሮኑንም ይይዛል። ጉድጓዱ 10 ናኖሜትር ሲሆን ግን ብርሃን መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከጉድጓዱ ግራና ቀኝ 100 ናኖሜትር ያህል 30 በመቶ አሉሚኒየም ያለው ዌቭጋይድ (ብርሃኑን ይዞ የሚመራ ንጣፍ) ታደርጋለህ። ከዚያ ውጭ 60 በመቶ አሉሚኒየም ያለው ወፍራም ከለላ፣ በየጎኑ 1.5 ማይክሮሜትር። ብርሃኑ ዌቭጋይዱ ውስጥ ይኖራል። ኤሌክትሮኑ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። ዌቭጋይዱን በአንድ ጊዜ ከ30 ወደ 60 ከመዝለል ቀስ እያሉ እንደ ተዳፋት ማሳደግም ይቻላል። በ1982 የቤል ላብስ ተመራማሪ ፃንግ በዚህ ዓይነት ተዳፋት የመነሻ ከረንቱን (ሌዘሩ ማብራት የሚጀምርበትን ከረንት) በካሬ ሴንቲሜትር ወደ 160 አምፒር አውርዶታል። በ1962 የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ዳዮድ ሌዘሮች በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው እንኳ በሺዎች አምፒር ነበር የሚጠይቁት።

ዶፒንጉ (ከረንት እንዲያልፍ ሆን ተብሎ የሚጨመረው ባዕድ አቶም) ላይም ትኩረት ስጥ። ከለላዎቹ ከረንት እንዲያሳልፉ ዶፕ ይደረጋሉ። ዌቭጋይዱንና ጉድጓዱን ግን ንጹህ ተዋቸው። ነፃ ኤሌክትሮንና ሆል ብርሃን ይበላሉ። ሆሎቹ ይብሳሉ። ከላይ፣ ብረቱ የሚነካው የመጨረሻ ንጣፍ ላይ ብቻ ዶፒንጉን እስከቻልክ ድረስ ከፍ ታደርጋለህ።

አሁን ንጣፎቹ አንድ በአንድ ወደሚያድጉበት ማሳደጊያ እንሂድ። ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ሞለኪውላር ቢም ኤፒታክሲ ነው። ቤል ላብስ ውስጥ አልፍሬድ ቾና ጆን አርተር ናቸው ያሳደጉት። ከባቢ አየራችን ካለው ግፊት በብዙ ትሪሊዮን እጥፍ የሳሳ ባዶ ክፍል አስብ። ውስጡ የጋለ ዌፈር፣ ማለትም ስስ የክሪስታል ሰሌዳ፣ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ ትንንሽ ምድጃዎች አሉ፦ የጋሊየም፣ የአሉሚኒየም፣ የአርሰኒክ፣ የሲሊከን። የምድጃው መዝጊያ ሲከፈት አቶሞቹ ቀጥ ብለው ሄደው ዌፈሩ ላይ ያርፋሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ሰከንድ አንድ የአቶም ድርድር እንደማለት። አንድ ድርድር 0.28 ናኖሜትር ነው። 10 ናኖሜትሩ ጉድጓድህ ወደ 35 ድርድር ይሆናል። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ አሁንም የሚደንቀኝ ነገር አለ። የኤሌክትሮን ጨረር በጣም ጠፍጣፋ በሆነ አንግል ዌፈሩን ሲነካ የሚንጸባረቀው ጨረር ስክሪን ላይ የሚያሳየው ነጥብ ይደምቃል፣ ይፈዝዛል፣ ይደምቃል። አንድ ድርድር ሲሞላ ገጹ ለስላሳ ነው፣ ይደምቃል። ድርድሩ ግማሽ ላይ ሲሆን ሻካራ ነው፣ ይፈዝዛል። በዓይንህ አቶሞችን እየቆጠርክ ነው።

መቁጠሩ ለምን ያስፈልጋል? አንድ ድርድር ሲጎድል ወይም ሲተርፍ የሌዘሩ ሞገድ በ1 ናኖሜትር ያህል ይቀየራል። ዌፈሩ መሀል ላይ 35፣ ዳር ላይ 33 ድርድር ከሆነ ከአንድ ዌፈር የተለያየ ቀለም ያላቸው ሌዘሮች ይወጣሉ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ በጋዝ ነው። ዌፈሩ ከ650 እስከ 750 ዲግሪ ሲሞቅ ትራይሜቲል ጋሊየም፣ ትራይሜቲል አሉሚኒየምና አርሲን በሃይድሮጅን ተሸክመው ላዩ ላይ ያልፋሉ። በሙቀቱ ተሰባብረው ክሪስታል ይሆናሉ። ማናሴቪት በ1968 ያሳየው ዘዴ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዱፑይና ዳፕከስ ከሆሎንያክ ጋር ሆነው በዚህ ዘዴ በክፍል ሙቀት የሚሠራ ኳንተም ዌል ሌዘር አሳዩ። ዛሬ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ይህንን ነው፣ ብዙ ዌፈር ባንዴ ስለሚያሳድግ። አርሲን ግን ገዳይ ጋዝ ነው። በጥቂቱም ቢሆን ይገድላል። የጋዝ ጠቋሚው፣ የአየር ማስወጫው፣ የማጣሪያው ወጪ ከማሽኑ ጋር ይወዳደራል። እንዲህ ዓይነት ላብራቶሪ በየዩኒቨርሲቲው የማይገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንተ ስላልገባህ ወይም መምህሮችህ ስላልጣሩ አይደለም።

በሁለቱም መንገድ ዋናው ጠላት ኦክስጅን ነው። አሉሚኒየም ኦክስጅን አይምርም። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት የውሃ ትነት ካለ አሉሚኒየሙ ጎትቶ ወደ ክሪስታሉ ያስገባዋል። የገባው ኦክስጅን ኤሌክትሮንና ሆልን ብርሃን ሳይሰጡ ያገናኛቸዋል፣ ሙቀት ብቻ ይቀራል። ለዚህ ነው አሉሚኒየም ያለበትን ንጣፍ ከ700 ዲግሪ አካባቢ ላይ የምናሳድገው፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል።

አንዳንድ ሰው ከዚህ ችግር ለመራቅና ሞገዱን ለማስረዘም ጉድጓዱ ውስጥ ኢንዲየም ይጨምራል። 20 በመቶ ኢንዲየም ሲገባ 980 ናኖሜትር አካባቢ ትደርሳለህ። የረጅም ርቀት ፋይበር ማጉያዎችን የሚያበረታው ሌዘር ይኼ ነው። ኢንዲየም ያለበት ክሪስታል ከጋሊየም አርሰናይድ ስለሚሰፋ ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው። መጨመቁ ጥሩ ነገርም አመጣ፦ ሆሉን ያቀለዋል፣ የመነሻ ከረንቱ ይወርዳል። ከ10 ናኖሜትር ብዙ ካለፈ ግን የአቶሞቹ ድርድር ይበላሻል። ለአንተ ሥራ አሁን አያስፈልግህም።

ዌፈሩ ከማሽኑ ሲወጣ ወዲያው ወደ ሌዘር አይሄድም። መጀመሪያ በአረንጓዴ ሌዘር ትመታዋለህና የሚመልሰውን ብርሃን ትለካለህ። ኤክስሬይ ታነሳለህ። 849 ብለህ 835 ካየህ ጉድጓዱ ቀጥኗል ወይም አሉሚኒየም ሾልኮ ገብቶበታል። እዚህ ላይ መጣል የሳምንታት ሥራ ያድናል።

ከዚያ ክሊን ሩም (አቧራ የማይገባበት ክፍል) ውስጥ ቺፑን መቅረጽ ነው። ከረንቱ በጠባብ መንገድ እንዲወርድ 3 ማይክሮሜትር የሚሰፋ ሪጅ (ቀጭን ረጅም ጉብታ) ትቀርጻለህ፣ ግራና ቀኙን በአሲድ ወይም በክሎሪን ፕላዝማ እየበላህ። ስትበላ ከዌቭጋይዱ በላይ 200 ወይም 300 ናኖሜትር ከለላ ማስቀረት አለብህ። እኔ የመጀመሪያ ሪጆቼን በሠራሁበት ላብራቶሪ አሲዱ ከአንድ ቀን በፊት የተቀላቀለ ነበር። ፍጥነቱን ድጋሚ ሳልለካ ያለፈውን ሳምንት ሰዓት ተጠቀምኩ። መበላቱ የላይኛውን ከለላ ጨርሶ ጉድጓዱን አልፎ ወረደ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሪጁ ያምራል። ሲለካ ግን የመነሻ ከረንቱ ከጠበቅኩት በሦስት እጥፍ በለጠ። ጉድጓዱ በጎን በኩል ለአየር ተጋልጧል፣ ኤሌክትሮኖቹም ግድግዳው ላይ ይሞታሉ። የሦስት ወር ዌፈር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናውን ከመንከሬ በፊት በቁራጭ ዌፈር ፍጥነቱን ሳልለካ ቀርቼ አላውቅም።

ከሪጁ በኋላ ሁሉንም በሲሊከን ናይትራይድ ትሸፍንና ሪጁ አናት ላይ ብቻ መስኮት ትከፍታለህ። ከላይ ቲታኒየም፣ ፕላቲኒየምና ወርቅ ትረጫለህ። ከዚያ ዌፈሩን ከጀርባው ትፈጭና ወደ 100 ማይክሮሜትር ታሳሳዋለህ። ሁለት ምክንያት አለው፦ ስስ ሲሆን ሙቀት ይወጣል፣ ሲሰበርም ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ከጀርባ የወርቅና የጀርማኒየም ብረት ይገባና በ400 ዲግሪ አካባቢ ይጋገራል።

መሰበሩ ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ደረጃ ነው። የአልማዝ ጫፍ ይዘህ ዌፈሩ ዳር ላይ ብቻ ትንሽ ትጭራለህ። ከዚያ ቀስ ብለህ ትጫነዋለህ። ክሪስታሉ ራሱ መንገዱን ያውቃል። በአቶሞቹ ድርድር ተከትሎ ይከፈላል፣ ጠርዙም እንደ መስታወት ለስላሳ ይወጣል። ማንም ሰው አሽቶ እንዲህ ሊያለሰልሰው አይችልም። ግን ይህ የሚሆነው ሪጁን ከክሪስታሉ አቅጣጫ ጋር በትክክል ካስተካከልክ ነው። የሪጁን ቅርጽ የሚያትመው ማስክ አንድ ዲግሪ እንኳ ከዞረ መስታወቱ ለዘንጉ ቀጥ አይሆንም፣ ብርሃኑም ወደ ጎን ይባክናል። ዌፈሩ ዳር ላይ ያለው ጠፍጣፋ ቁራጭ ይህን እንዲያሳይህ ነው የተደረገው።

ለምርት ከሆነ ጠርዞቹ ይሸፈናሉ። የኋላው ከ90 በመቶ በላይ እንዲመልስ፣ የፊቱ ብዙውን እንዲያወጣ። ሽፋኑ ጠርዙንም ከኦክስጅን ይጠብቃል። ጠርዙ ሲበላሽ ብርሃን ይውጣል፣ ሲውጥ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይበልጥ ይውጣል። በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ጠርዙ ይቀልጣል፣ ሌዘሩም ያበቃለታል። ከፍተኛ ኃይል ያላቸው ሌዘሮች ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት እንዲህ ነው።

መለኪያው ላይ አንድ ምክር አለኝ፣ አጥብቄ ነው የምለው። መጀመሪያ ሪጅ አትሥራ። 100 ማይክሮሜትር የሚሰፋ ሌዘር ሥራ። ቀረጻው ቀላል ነው፣ ስህተቱ ጥቂት ነው። 100 ማይክሮሜትር በ1 ሚሊሜትር ስፋቱ የካሬ ሴንቲሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የመነሻ ከረንቱ 0.3 አምፒር ከሆነ በካሬ ሴንቲሜትር 300 አምፒር ማለት ነው። ይህ ዌፈሩ ጤነኛ መሆኑን ይነግርሃል። እንዳይሞቅ ከረንቱን በአጭር በአጭሩ፣ በማይክሮ ሰከንድ ምት ስጠው። ከዚያ ከአንዱ ዌፈር 500፣ 750፣ 1000 እና 1500 ማይክሮሜትር ርዝመት ያላቸውን ሰብረህ የእያንዳንዱን የብርሃንና የከረንት መስመር አንሳ። ከመስመሩ ተዳፋት ላይ ከመቶ ስንቱ ኤሌክትሮን ወደ ውጭ ብርሃን እንደሚቀየር ታሰላለህ። የዚያን ግልብጥ ከርዝመቱ ጋር በግራፍ ስትስለው ቀጥ ያለ መስመር ይሰጥሃል። መስመሩ ዜሮ ርዝመት ላይ የሚቆርጠው ቁጥር ስንቱ ኤሌክትሮን ጉድጓዱ ውስጥ ብርሃን እንደሚሆን ይናገራል። ተዳፋቱ ደግሞ የውስጥ ብክነቱን። እኔ ከላይ 5 ብዬ የገመትኩልህን ቁጥር የምታገኘው እዚህ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሁኔታ። ላብራቶሪ የለም አልክ። ሁለት ነገር ግን ዛሬውኑ መጀመር ትችላለህ።

የመጀመሪያው ስሌት ነው። ባለ ውሱን ግድግዳ ጉድጓዱን በፓይተን ፍታ። አንድ ገጽ ኮድ አይሞላም። ዌቭጋይዱንም እንዲሁ በየንጣፉ እያገናኘህ ፍታና 3 በመቶውን ራስህ አግኘው። ከዚያ ጉድጓዱን በአንድ ድርድር አሳንስ፣ በአንድ ድርድር ጨምር። አሉሚኒየሙን 2 በመቶ ከፍ ዝቅ አድርግ። ሞገዱና የመነሻ ጌይኑ በስንት እንደተቀየሩ በሠንጠረዥ አስቀምጥ። አንድ መሐንዲስ ጽሑፍህን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልገው ይህን ሠንጠረዥ ነው፣ ምክንያቱም በእውን ማንም 10.00 ናኖሜትር አያሳድግም።

ሁለተኛው መለካት ነው። ከተበላሸ የሲዲ ማጫወቻ 780 ናኖሜትር የሚያበራ ሌዘር ዳዮድ ማውጣት ይቻላል። እሱም ከዚሁ ከአሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ ቤተሰብ ነው። የኮምፒውተር ማውዝ ውስጥ ያለውን ተወው፤ እሱ ብርሃኑን ወደ ላይ የሚያወጣ ሌላ ዓይነት ስለሆነ መስታወቶቹ የተለዩ ናቸው። ብዙዎቹ ዳዮዶች ሦስት እግር አላቸው። ሦስተኛው እግር ከኋላ የሚወጣውን ብርሃን የሚለካ ፎቶዳዮድ ነው። ስለዚህ ውድ የኃይል መለኪያ አያስፈልግህም። ከረንቱን ቀስ እያልክ ጨምር፣ የፎቶዳዮዱን ከረንት መዝግብ፣ መስመሩ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልግ። የመነሻ ከረንትህ እሱ ነው። ከዚያ ዳዮዱን አሉሚኒየም ቁራጭ ላይ አስረህ በ20፣ በ30፣ በ40 እና በ50 ዲግሪ ድገመው። የመነሻ ከረንቱን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ከሙቀቱ ጋር ስትስለው የተዳፋቱ ግልብጥ የሌዘሩን የሙቀት ባሕርይ በአንድ ቁጥር ይሰጥሃል። ለጋሊየም አርሰናይድ ኳንተም ዌል ቁጥሩ 150 ኬልቪን አካባቢ ነው። ቤት በሚገባው ፋይበር ውስጥ የሚሠሩት የኢንዲየም ፎስፋይድ ሌዘሮች ብዙውን ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ አላቸው፣ ለዚህም ነው ሙቀት ይበልጥ የሚያስቸግራቸው።

ሦስት ጥንቃቄ። የኃይል ምንጩ ከረንትን የሚቆጣጠር ይሁን፣ በቮልቴጅ ብቻ ከሆነ ዳዮዱን በአንድ ጊዜ ታቃጥለዋለህ። ከመንካትህ በፊት የሰውነትህን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት አውርድ፣ ሌዘር ዳዮድ ከአንድ የልብስ ብልጭታ ይሞታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ 780 እና 850 ናኖሜትር ለዓይን ቀይ ጭላንጭል ወይም ምንም አይመስሉም። ዓይንህ ስለማያየው አይጨፍንም። ብርሃኑ ግን በአብዛኛው ሬቲና ላይ ያርፋል። ጨረሩን በጥቁር ቁራጭ ዝጋው፣ ወደ ቀዳዳው በፍጹም አትመልከት፣ የሚሠራ መሆኑን ማየት ስትፈልግ በስልክ ካሜራ በጎን በኩል ተመልከት።

የንጣፎችህን ዝርዝር፣ ማለትም ውፍረቱን፣ አሉሚኒየሙንና ዶፒንጉን፣ ከምታስበው ርዝመት ጋር ጻፍልኝ። ዌቭጋይዱን አብረን እናሰላዋለን።